ወይዘሮ መብርሂት ማሽን አቆሙ

ሉሊ የመጨረሻዋን ሽቦ በይዳ ቀና ስትል፣ እናቷ ወይዘሮ መብርሂት ክንዳቸውን አጣጥፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ቡልጋሪያ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ የገጣጠመችው፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን፣ ባለፈው ሳምንት የሚያቆመው አጥቶ ከጠርዙ ጋር ሲላተም ቤቱን አናግቶት ነበር። "ደግሞ እንዲህ ቢጮህ ከዚህ ቤት ይወጣል" ብለው ነበር።

ሉሊ ከሽቦው ጫፍ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ስዊች አቀበለቻቸው። "እማ፣ ማሽኑ ጠርዝ ጋ ሳይደርስ ይቺን ተጫኚያት።"

"እኔ? እምቢ ቢለኝስ?"

"በቃ፣ ጠቅ አድርጊያት!"

ማሽኑ እያጉረመረመ ተንደረደረ። ወይዘሮ መብርሂት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "በስመ አብ!" ብለው ተጫኑ። ማሽኑ ባለበት ቀጥ አለ።

እናት አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ዝም ያለውን ብረት አዩና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ጓለይ! ልጄ! በዚህ ቤት አንዴ ብናገር የሚሰማኝ ዛሬ ገና ተገኘ!"

"ምሳ አይቀርብም እንዴ?" አሉ ባላቸው ከመኝታ ቤት።

"ቆይ እስቲ፣ ጎይቶም!" አሉ፣ ስዊቿን ጠበቅ አድርገው እየያዙ። "ሉሊዬ፣ በይ አስነሺልኝ።"