የሳውና ቋሊማ

ቴለርቮ አንድ ጭልፋ ውሃ የጋለው ድንጋይ ላይ ስትደፋ እንፋሎቱ ቸስ ብሎ ተነሣና የአውሊን ጆሮ ለበለበው። ከምድጃው ጠርዝ ላይ በፎይል ተጠቅልለው የተደረደሩት ቋሊማዎች ስባቸውን ማንጠባጠብ ጀምረዋል። ጠብ ባለ ቁጥር የአሳማ ስብ ጭስ ይነሣል። አውሊ በአፏ መተንፈስ ጀመረች።

ሦስቱ ሴቶች እንደ ፊንላንዶች ወግ ራቁታቸውን፣ የሳውናው የእንፋሎት ክፍል ላይኛው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ውጭ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቴለርቮ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ አውሊ ስድስት ዓመት ከሥሯ የሠራች ተመራማሪ። ሦስተኛዋ ሄልያ ጥናታቸውን በገንዘብ ከሚደግፈው የቋሊማ ፋብሪካ የመጣች ናት። ሐይቅ ዳር ያለችው ጎጆም የፋብሪካው ናት፣ ቋሊማውም የፋብሪካው።

«እንግዲህ አውሊ» አለች ቴለርቮ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ያቺን አራተኛዋን ሠንጠረዥ ከጽሑፉ እናውጣት ተባብለናል።»

«ማንና ማን?»

«እኔና ሄልያ።»

መጀመሪያ ለአራት ሺህ ሰው የምግብ መጠይቅ ልከው ነበር፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መክሰስ። መልሱ ሲደመር፣ ቋሊማ የሚያበዛውም የማይነካውም በአንጀት ካንሰር የሚያዘው እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። አውሊ ግራ ገብቷት ከረመች። የባነነችው በኋላ ነው። ለፊንላንድ ሰው የሳውና ቋሊማ ምግብ አይደለም፤ የሳውናው አካል ነው። እራት ተበልቶ ካበቃ በኋላ ከላቡና ከቢራው ጋር ይሄዳል፣ መጠይቅ ላይ ልጻፈው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። እሷም ብትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትበላው አድጋ ልትጠይቅ አልታሰባትም።

ስልክ አነሣችና ለስምንት መቶ ሰዎች አንድ በአንድ ደወለች፤ ለታመመውም ለጤነኛውም። ስለሞቱት ሚስቶቻቸው መለሱላት። አንዷ «በየማታው ሁለት ሁለት ይበላ ነበር፤ ማን ጠየቀን?» ብላ አለቀሰችባት። ያ ሁሉ መልስ ሲገባ ውጤቱ ተገለበጠ፤ ቋሊማ የሚያበዛው ይበልጥ የሚታመም ሆኖ ተገኘ። አራተኛው ሠንጠረዥ ማለት ይኸው ነው፤ አሁን ውሃ ሊበላው ነው።

«የስልክ ወሬ ሳይንስ አይሆንም» አለች ቴለርቮ። «የታመመ ሰው መቼም የሚያሳብብበት አያጣም።»

«ጤነኞቹንም እኩል ጠይቄያለሁ። አንቺ ራስሽ አይተሽ ጎበዝ ብለሽኛል።»

«ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ።»

ሄልያ ሳቀች። «ደግሞ ቋሊማ የወንድ ጎመን ነው ይባል የለ? ጎመን በልቶ ታመመ ልትሉ ነው እንዴ!»

ለአውሊ የቢሮው ጉዳይ ለምን እዚህ እንደተነሣ አሁን ገባት። ሳውና ውስጥ ድምፅ ከፍ አይደረግም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚኮነው ተብለው ነው ያደጉት። ቢሮ ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛውን ደብድባ፣ በሩን ጓ አድርጋ ዘግታ ትወጣ ነበር፤ ቴለርቮም ይህን አሳምራ ታውቃለች። አውሊ ስድስት ዓመት ሙሉ የኮራችባትን ሴት ዞራ አየቻት። ቴለርቮ ስብ የነካውን ጣቷን እየላሰች ነበር። አስጠላቻት። ሰው እንዲህ አስጠልቷት አያውቅም።

«ሠንጠረዡ ከወጣ የኔም ስም ይውጣ» አለች ቀስ ብላ።

«ይውጣ። ያለስምሽም ይታተማል።» ቴለርቮ ከአግዳሚው ወረደች። «በይ ሳውና ውስጥ ነን፣ አንጨቃጨቅ። እኔ ሐይቅ ገብቼ ልምጣ፤ አንቺም ቀዝቀዝ በይ።»

በሩ ተዘጋ። ሄልያ ፎይሉን ፈትታ አንዱን ቋሊማ ሰናፍጭ ቀባችና ዘረጋችላት። አውሊ አልተቀበለችም። ሄልያ ወደ በሩ አየት አደረገች፣ ከዚያ ተጠጋቻት፤ እርጥብ ትከሻዋ የአውሊን ትከሻ ነካው።

«እኔ የምልሽ» አለች በሹክሹክታ፣ «በሳምንት ስንት ሲሆን ነው?»

«ምኑ?»

«የሚያሰጋው ነዋ። ባሌ ቋሊማ ነፍሱ ነው፤ እንዲሁ ተው ብለው አይሰማኝም። ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ። ከቤቴ አይወጣም፣ እናቴን!»

አውሊ ፊቷ ላይ እፍረት ፈለገች፤ አጣች። ያለው ፍርሃት ብቻ ነው፣ የእውነት ፍርሃት። ሠንጠረዡን ከአገር ሁሉ ደብቃ ለጓዳዋ ትፈልገዋለች። ቁጥሩ የአውሊ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር።

«አራተኛው ሠንጠረዥ ላይ አለ» አለቻት። «ሲታተም ሰው ሁሉ ያነበዋል። ያኔ አንቺም ታነቢዋለሽ።»

«አውሊ፣ ሦስት ልጆች አሉን እኮ።»

«ሌሎቹም ልጆች አሏቸው።»

ይኼኔ ውጭ ተራቸውን ከሚጠብቁት ወንዶች አንዱ የእንጨቱን ግድግዳ በቡጢ ደበደበው።

«ሄልያ! እንዳትጨርሱት! ሁለቱን ለኔ፣ ጠቆር ጠቆር ያሉትን!»

ወንዶቹ ሳቁ። ሄልያ ቋሊማውን እንደያዘች ቀረች። ሰናፍጩ ቀልጦ በክንዷ እየወረደ ነው፤ አልጠረገችውም። ባሏ ደግሞ ተጣራ።