ብሎክ የተደረገው «ቲቸር»

«ኧረ ይሄ ሽማግሌ ደሞ መጣ!»

ኩየን ላይቭ ላይ ናት… ሦስት መቶ ሰው እያያት ነው።

ገና ሃያ ዓመቷ ነው። ካን ቶ በምትባል የሩቅ ምሥራቅ ከተማ፣ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ሆና ቀሚስ በኦንላይን ትሸጣለች። ምላሷ ጤፍ ይቆላል!

ጽሑፏ ግን… አይጣል ነው።

ግማሹን ፊደል ትውጠዋለች፣ ግማሹን በቁጥር ትተካዋለች፣ አራት ነጥብ የሚባል ነገር አታውቅም። እኩዮቿ ግን አንብበው ይረዱታል። እንደውም እነሱ ጋ እንደዛ ያልጻፈ ፋራ ነው።

አንድ ሰው ብቻ አላስቀምጥ አላት።

«የውሃ አበባ» የሚባል አካውንት ነው። ፖስት ባደረገች ቁጥር ከች ይላል። የፊደል ስህተቱ ሲታረም እንዲህ ነው የሚለው፦

«ልጄ ሁለተኛው መስመር ምን ይላል? ይሄ 4 ቁጥር ለምን መሀል ገባ? እባክሽ ሙሉውን ጻፊው»

ተከታዮቿ «ጡረተኛው ቲቸር» ብለው ስም አወጡለት። በመጣ ቁጥር ይንጫጫሉ፣ እሷ ደግሞ ትበግናለች።

የዛን ቀን ግን በላይቭ ለቀቀችበት።

«ስሙማ! “ልጄ ዛሬ የጻፍሽው አልገባኝም” ይላል! ማን ነው ልጅህ ያደረገኝ? ደሞ እኮ ራስህ ሦስት ቃል ጽፈህ ሁለቱን ትሳሳታለህ! ሂድና አንደኛ ክፍል ግባ!»

ኮመንቱ በሳቅ ተጥለቀለቀ።

ኩየንም እየተንከተከተች… ብሎክ!

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የአክስቷ ልጅ ኒ ናት፤ ካይ ራንግ የውሃ ላይ ገበያ፣ ከኩየን እናት ጀልባ አጠገብ ሐብሐብ የምትሸጠው።

«ኩየን! እናትሽ ጀልባውን ልትሸጠው ነው እንዴ?»

«ምን?!»

«ቅጠል ሰቅላለች እኮ! የዘንባባ ቅጠል!»

ኩየን ያልታጠፈ ቀሚስ በእጇ እንደያዘች ብድግ አለች።

እዛ ገበያ ማንም ማስታወቂያ አይጽፍም። ዱባ የሚሸጥ ዱባ፣ ሽንኩርት የሚሸጥ ሽንኩርት ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ ይሰቅላል፤ የፈለገ ከሩቅ አይቶ ይመጣል። የዘንባባ ቅጠል ከተሰቀለ ግን የሚሸጠው ራሱ ጀልባው ነው።

ያ ጀልባ ደግሞ ኩየን የተወለደችበት ነው! ፊቱ ላይ ያሉትን ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሟች አባቷ ናቸው በእጃቸው የቀቡት።

ለእናቷ ደወለች… አይነሳም።

እንደገና… አይነሳም!

እናቷ ፊደል ስላልቆጠሩ መልእክት ልካላቸው አታውቅም። ሲደውሉላትም «እማ፣ ቢዚ ነኝ፣ በኋላ» ትላለች። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ሰባት ወር ሆነ። ሞተር ላላት ሰው መንገዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ሞተሯን አስነስታ በረረች!

ወንዙ ዳር ደርሳ ያገኘችው ትንሽ ጀልባ ውስጥ ዘላ ገባች። «አባባ፣ በፈጠረዎት ቶሎ!» አለቻቸው ባለ ጀልባውን።

ከሩቅ አየችው… ቅጠሉ በነፋስ ይውለበለባል። ይባስ ብሎ አንድ ሰውዬ ጀልባቸው ላይ ወጥቶ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ እየመረመረ ነው!

«አይሸጥም!» ብላ ጮኸች ገና ሳትደርስ። «ጌታዬ፣ ውረድልኝ! አይሸጥም!»

«ቅጠሉ እኮ…» አለ ሰውዬው ግራ ገብቶት።

«ቅጠሉ ተሳስቶ ነው!»

ሰውዬው እያጉረመረመ ሄደ። እናቷ አናናስ እየላጡ ቀና አሉ።

«መጣሽ? ቁርስ በላሽ?»

«እማ! የአባዬን ጀልባ?! ምን ሆነሽ ነው? ታመሻል? ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቷ ቢላቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጉ። ከመቀመጫው ሥር አንድ ደብተር አወጡና ሰጧት።

ኩየን ገለጠችው… የራሷ ፖስቶች ናቸው! ሁሉም! በእርሳስ፣ ፊደል በፊደል ተገልብጠዋል። ከግማሹ ቃል በላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት አለ።

«ከሰዓት ከሰዓት ፓጎዳው ቤተ መቅደስ ጋ መነኩሲቷ ያስተምሩናል» አሉ እናቷ አፍረው። «ስልክ ላይ ስለማላገኝሽ፣ የምትጽፊውን አንብቤ ደህና መሆንሽን ልወቅ ብዬ ነው የጀመርኩት። ሦስት ወር ሆነኝ። እሳቸው ያስተማሩኝ ፊደል ግን አንቺ ጋ የለም ልጄ… ስጠይቅሽ ደግሞ…»

ስልካቸውን አወጡ።

አካውንቱ… «የውሃ አበባ»።

ኩየን ጀልባው ወለል ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«ሂድና አንደኛ ክፍል ግባ» ያለቻቸው… አንደኛ ክፍል የገቡት ለሷ ብለው ነው!

«ጀልባውን መቼም አልሸጥም» አሉ እናቷ። «በእናንተ ፊደል ጻፍኩልሽ፣ ሳቅሽብኝና ዘጋሽኝ። እኔ ሌላ ፊደል የማውቀው ይሄንን ዘንግ ነው። በሱ ስጽፍልሽ ግን ይኸው… ሮጠሽ መጣሽ።»

ኩየን እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዛ ተነስታ በገዛ እጇ ቅጠሉን አወረደች።

አጠገባቸው ካለፈችው ጀልባ ሁለት ሳህን ትኩስ የሩዝ ፓስታ ገዙ። እየበሉ ኩየን ብሎኩን አነሳችና ፖስት አደረገች። አንድም ፊደል ሳትውጥ፣ አራት ነጥቡን ሳትረሳ።

«ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው። እናቴ ጋ ነኝ። ቁርስ እየበላን ነው።»

«ኩየን፣ ሃክ ተደረግሽ እንዴ?!» ብለው ተከታዮቿ ተንጫጩ።

እናቷ ግን ከጎኗ ሆነው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ… አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዛ ፊታቸው በራ!

«ጨረስኩት! ማንንም ሳልጠይቅ!»

ወዳጆቼ… እኔም ፊደል ከሚውጡት አንዱ ነኝ፣ አልዋሽም። ጣታችን ሰነፈ እንጂ ቋንቋው አላጠረም። ሙሉ ቃል መጻፍ ፋራነት አይደለም፤ ከእኛ ዘግይቶ የተማረውን ሰው ማክበር ነው። ጽሑፋችን ስላልገባው የሚጠይቀንን ሰውም አንሳቅበት… ማን እንደሆነ አናውቅም!

እስቲ አሁኑኑ ስልካችሁን ክፈቱ። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ መጨረሻ የጻፋችሁትን መልእክት እዩት… ማንንም ሳይጠይቁ ያነቡታል?

እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ… ፊደል ሳትውጡ!