መቶ ሰማንያ ከመቶ

ታላቅየው አናጢ ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታናሽ ወንድሙን በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል።

«ጠጋ በል እንጂ። ወንበሩንም ወረስከው?»

«ይግባኝ በልበት» ይላል ታናሽየው፣ እየተጠጋ።

ዛሬም የመጡት በአንድ ታክሲ ነው። ስምንት ዓመት ሲካሰሱ እንዲሁ ነው የሚመጡት፤ ለጠበቃ ከፍሎ ለብቻው ታክሲ የሚይዝ ማን አለ? የሚካሰሱት አባታቸው በተወላቸው የእንጨት መላጊያ ማሽን ነው። እስኪፈረድ ማንም እንዳይነካው ታናሽየው ግቢ ውስጥ እንደታሸገ አለ። ያደራበት ሸረሪት የልጅ ልጅ አይቷል። መዝገቡም ወፍሮ ወፍሮ በበሩ የሚያስገቡት በጎኑ ነው። ታላቅየው ደግሞ በእጅ መላጊያ ሲታገል ኖሮ ቀኝ ትከሻው አልታዘዝ ብሎታል።

ጠበቆቹ ዛሬ ሌላ ችሎት አለባቸው። «ሄዳችሁ ተለዋጭ ቀጠሮ አስይዙ» ብለው ነው የላኳቸው።

«ያንተው ምን ይልሃል?» ይላል ታላቅየው።

«ዘጠና ከመቶ ታሸንፋለህ ይለኛል። ያንተስ?»

«ዘጠና።»

ታናሽየው ጉልበቱ ላይ በጣቱ ይደምራል።

«መቶ ሰማንያ መጣ፣ ጋሼ።»

«ትርፉን ሰማንያ ማን ሊከፍለው ነው?»

«እስከ ዛሬ ማን ሲከፍለው ነበር?»

ታላቅየው ትከሻውን ያሻል።

«ሳምንቱን እንካፈል» ይላል በመጨረሻ። «ሦስት ቀን አንተ ሥራበት፣ ሦስት ቀን እኔ። ሲጠሩን አንነሳም። ሁለታችንም ካልቀረብን መዝገቡን ይዘጉታል።»

«እሺ።»

«ምን ዝም ብለህ እሺ ትላለህ? ከሳሹ እኔ ነኝ። እኔ ቀርቼ አንተ ብቻ ከገባህ ክሴ ወደቀ፤ ሁለተኛ ልከስህ አልችልም። ማሽኑም እዚያው ግቢህ ውስጥ ቀረልህ።»

«እሺ አልኩህ እኮ፣ ጋሼ።»

በሩ ይከፈታል። የችሎቱ አስተናጋጅ የሁለቱንም ስም ይጠራል። ታላቅየው የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ይይዛል።

አስተናጋጁ ይደግማል። ታናሽየው እግሩን ሰብስቦ፣ ሊነሳ እንደሚል ሰው ወደ ፊት ያዘነብላል።

ታናሽየው ጎንበስ እንዳለ፣ ጥብቅ ብሎ የታሰረውን የጫማውን ክር ይፈታል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ እንደ አዲስ ማሰር ይጀምራል።