በሥርዓተ ፆታ ቢሮው የተደረገ እርቅ

ሳያትን የደፈራት የክፍሏ ልጅ ከአዲስ ከተማ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሲገባ፣ የቢሮው ኃላፊ መምህርት ካሰችና የሳያት ጓደኛ ራሔል ገና እየተከራከሩ ነበር።

«ፖሊስ ዓመት ሙሉ ያመላልሳታል። እዚህ ቢያንስ ጥፋቱን ያምናል» አሉ መምህርቷ።

«አምኖስ? ነገ አጠገቧ ተቀምጦ ሊማር አይደል?» አለች ራሔል።

መካከላቸው የተቀመጠችውን ሳያትን የጠየቃት አልነበረም። ልጁ ጎንበስ ብሎ «በድያለሁ» ሲል ግን ደረቷ ቀለል አላት፤ ሦስት ወር ሙሉ ውሸታም ስትባል ከርማለችና።

ትልቁ ሽማግሌ መረቁና «በሉ ልጆቼ፣ ተነሱና ተሳሳሙ» አሉ።

ሳያት ወደ መምህርቷ ዞረች። መምህርቷ አቀረቀሩ። ልጁ ትከሻዋን ይዞ ጉንጩን ሲያስጠጋ ሰውነቷ ልክ እንደዚያ ቀን ደርቆ ቀረ፤ እጇም፣ ድምጿም አልታዘዝ አላት።

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌው። «ይቅር አለችው።»