የመምህር ይበልጣል ላፕቶፕ ድንገት ዝም ያለ ዕለት

ላፕቶፑ እያነበበ ነበር... የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨርስ ጭጭ አለ።

መምህር ይበልጣል ማብሪያውን ተጫነ። ዝም።

ቻርጀሩን ነቅሎ ሰካው። ዝም...

የእኛ ላፕቶፕ ሲጠፋ ስክሪኑ ይጨልማል። የእሱ ሲጠፋ ግን ድምፅ ነው የሚጠፋው።

ይበልጣል ዓይነ ስውር ነው። አርብ ገበያ በምትባል ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምራል። መጽሐፉን ሁሉ እያነበበ የሚያሰማው ያ ላፕቶፕ ነበር። የማትሪክ ፈተና ደግሞ ደርሷል!

ላፕቶፑን ወደ ገዛበት ሱቅ ደወለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ዋስትናው ባለፈው ሳምንት አልፏል።»

«አይ የኔ ነገር! ማየት የማልችለው እኔ ነኝ... እሱ ግን ቀን አይቶ ነው የሞተው!» አለና ሳቀ።

ስልኩን ሲዘጋ ግን ሳቁም ጠፋ...

ላፕቶፑን ይዞ መልካሙ ጋ ሄደ። መልካሙ እዚያው ከተማ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። ፈታታው፣ አገላበጠው...

«መምህር፣ ኃይል የሚያስገባው ክፍል ተቃጥሏል። ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

«ልጆቹስ? እኔ ሳላነብ ምን ላስተምራቸው ነው?»

ይኼኔ ከጎኑ የሴት ድምፅ ተሰማ...

«እኔ ላንብብልዎት።»

ሐረገ ወይን ትባላለች። የእስቴ አገር ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ አዲስ የተመደበች ፋርማሲስት። የስልኳን ስክሪን ልታስቀይር ነው የመጣችው። ጭራሽ አይተዋወቁም!

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች ትምህርት ቤት መጣች። እሷ ታነባለች... እሱ በብሬል ይጽፋል። ቃል ስትስት ያርማታል፤ እሷም ትስቃለች። በሚቀጥለው ቀንም መጣች። ከዚያም...

አንድ ቀን «እርስዎ» ማለቱን ረሳችው።

«ቆይ እንጂ፣ አትቸኩል! ገጹን ልግለጥ!» አለችው።

ይበልጣል ያን ቀን እያፏጨ ነው ቤቱ የገባው።

ጊዜው ሄደ። «ላፕቶፑስ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው... «ገና ነው።»

ፈተናውም አለፈ። ልጆቹ ተፈትነው ሲመለሱ ከበቡት።

«ቲቸር! ያስተማሩን ነው የመጣው!»

ደስታው ጋብ ሲል ሐረገ ወይን ጠየቀችው...

«እንግዲህ ምን ላንብብልህ?»

ይበልጣል የብሬል ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ... ላፕቶፑ ከተሠራ ቆይቷል። መልካሙን አንተ ጋ ይቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ከወሰድኩት አትመጪም ብዬ ፈራሁ...»



ፊቷን አያይ ነገር... ዝምታዋን እየሰማ ጠበቀ። በቃ፣ አጣኋት አለ በልቡ።

እሷ ግን ፍርፍር ብላ ሳቀች!

«አውቃለሁ!»

«እ?!»

«መልካሙ ጋ ስገባ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ሲለፈልፍ ሰማሁት! መልካሙ ሊያጠፋው ሲሯሯጥ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።»

«መቼ?»

«ገና ዱሮ!»

«ታዲያ ለምን ትመጪ ነበር?»

«አንተስ ለምን ደበቅከው?»

የሁለቱንም መልስ ጥር ላይ እስቴ ድረስ ተጠርተን በላነው፣ ጠጣነው!

ይህን ሁሉ ያጫወተን መልካሙ ነው፤ ሚዜ ሆኖ፣ ሙሽሮቹ አፉን ሊያስዘጉት እየታገሉ። የሙሽራዋ እናት ከሳቃቸው ብዛት በነጠላቸው እንባቸውን ሲጠርጉ ነበር።

ወገኖቼ... ዕቃ ነው፣ ዋስትናው ያልቃል፣ ይበላሻል። ሰው ግን ለሰው መድኃኒቱ ነው። ሐረገ ወይን ለማታውቀው ሰው «እኔ ላንብብልዎት» ባትል ኖሮ ስልኳን አስጠግና ትሄድ ነበር፤ በቃ። ሳይጠይቋችሁ እጃችሁን ዘርጉ... በረከት በየት በኩል እንደሚገባ አይታወቅም!

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ማነው ይበልጥ ያታለለው? ላፕቶፑን የደበቀው እሱ፣ ወይስ እያወቀች ዝም ያለችው እሷ? እናንተስ ብትሆኑ እውነቱን ትናገሩ ነበር? ኮሜንት ላይ እንገናኝ 👇