የጎጎ ወንበር

የክሊኒኩ በር ላይ የቆመው ሰውዬ የስደተኛ ወረቀቴን ሳያነብ ይመልስልኛል። "የስደተኛ ወረቀት አልጠየቅኩሽም። የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ የሌለው አይገባም።"

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ካለኝ ሦስት ቀኔ፤ ራሴን ከትናንት ጀምሮ ይፈልጠኛል። ሰውዬው የክሊኒኩ ሠራተኛ እንኳ አይደለም። ከጓደኞቹ ጋር የውጭ ዜጋ ይውጣ የሚል ቲሸርት አሳትሞ የመንግሥትን በር የግሉ አድርጎታል።

አብረውኝ የመጡት ጎጎ ናቸው፤ የሰፈራችን የቴምቢሳ ሰው ሁሉ አያቴ ለማለት እንዲህ ይጠራቸዋል። ዳቦ የሚገዙት ከእኛ ሱቅ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጥቁር ሴት ገብታ በማታውቅበት ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሐኪም የሆኑ። ጠዋት የደም ግፊቴን ለክተው ፊታቸው ተለወጠ። "ዛሬ መድኃኒት ካላገኘሽ ላንቺም ለልጁም ያሰጋል" አሉኝ።

አሁን በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ።

"ጎጎ ይነሱ፤ ሌላ ቦታ እንሞክር" እላቸዋለሁ። ፈሪ ለእናቱ ብዬ ነው እዚህ አገር ሰባት ዓመት የኖርኩት።

"ተማሪ ሳለሁ" ይላሉ፣ "የነጭ አስከሬን ሲመረመር ጥቁር ይውጣ ይባል ነበር። አልሄድም ብዬ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን አስተማሪው ወንበር አወጣልኝ፤ እዚያው ሆነሽ አዳምጪ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"አመስግኜ ተቀመጥኩበታ። በሩን ዘጋው። ለማስከፈት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።"

ሰውዬው ጎንበስ ይላል። "ጎጎ፣ እርስዎ የኛ ነዎት፤ ይግቡ።"

"የናንተ መሆኔን ማን ነገረህ?"

ለሕክምና የተሰለፉት ሴቶች ይስቃሉ። እሱ አይስቅም።

ፀሐዩ ሲበረታ አንዲት ነርስ የብረቱን በር ገርበብ አድርጋ የፕላስቲክ ወንበር ታወጣለች። "ዶክተር፣ እባክዎን፣ መሬት ላይ አይሆንም። ቢያንስ እዚህ ይቀመጡ።"

ጎጎ ክንዴን ተደግፈው ይነሳሉ። "አመሰግናለሁ ልጄ" ብለው ወንበሩን ሲቀበሏት ደከማቸው፣ አለቀልኝ እላለሁ።

አይቀመጡም። ወንበሩን በበሩና በምሰሶው መሃል ይሰነቅሩታል። ሰውዬው በሩን በትከሻው ይገፋል፤ ፕላስቲኩ ይንቋቋል፣ በሩ ግን አይዘጋም።

"ፊቤ፣ ግቢ" ይሉኛል፣ ሁለት እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንደጫኑ።

ሆዴን አስቀድሜ እገባለሁ።