ጎህ ሳይቀድ የመጡ ሽማግሌዎች

ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። እናትየው ስትከፍት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመጣ ደሞ ነገሩ መርዶ ነው፣ ይሄን የማያውቅ የለም። አንድ ልጇ ሚኪያስ ውትድርና ስልጠና ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በጭፈራ ነበር የሸኘው።

«የሚኪያስ እናት፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሏት ጋሽ ወርቅነህ።

«አልቀመጥም። ልጄን የት ቀበራችሁት?» አለችና መሬት ላይ ተዘረረች። ፀጉሯን እየነጨች «ምነው እኔን ባስቀደመኝ» እያለች ስትጮህ ጎረቤቱ ግር ብሎ መጣ፤ የገባውም ያልገባውም አብሯት ያለቅስ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ ቢሞክሩ ማን ይስማቸው።

በመጨረሻ ጋሽ ወርቅነህ ከለቅሶው በላይ ጮኹ። «ኧረ ሴትዮ፣ ልጁ አልሞተም። ጉልበቱ እምቢ ቢለው ከስልጠናው አሰናበቱት። በጭፈራ ተሸኝቼ በምን ፊቴ እናቴ ጋ እገባለሁ ብሎ፣ ለምኑልኝ ሲል ነው የላከን።»

ከአጥሩ ጀርባ ፀጉሩን የተላጨ ልጅ እያነከሰ ወጣ።

«እማ፣ ይሄን ያህል አሳፈርኩሽ?» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እናትየው እንባዋን እንኳን ሳትጠርግ በእንብርክኳ ሄዳ እግሩ ስር ደረሰች። የሱሪውን ጫፍ ያዘች።

«የቱ ጉልበትህ ነው?»